ሁለት ጥላ ያለው ክፍያ

በየዓመቱ መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት የደብረ ብርሃን የሂሳብ አስታራቂዎች ጥላ ያጸዳሉ።

ነገሩ የተጀመረው ውዳሴ ከመወለዷ በፊት ነው። የክፍያ ካርዶቹን የሚያንቀሳቅሰው ሲስተም የተሠራው ዓመት አሥራ ሁለት ወር ብቻ በሆነበት አገር ነበርና ጳጉሜ የሚባል ነገር አያውቅም። ስለዚህ አንድ ሰው በጳጉሜ ዳቦ ሲገዛ፣ ግዢው አንድ ጊዜ በጳጉሜ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በዚያው የቀን ቁጥር መስከረም ላይ ሆኖ ወደ ነጋዴው የሂሳብ መዝገብ ይገባል። የጳጉሜ ሁለት ዳቦ የመስከረም ሁለት ዳቦም ይሆናል። እንዲስተካከል ብዙ ጊዜ ተጠይቋል። የሚመጣው መልስ ሁልጊዜ ትሁት ነበር፤ ለጥቂት ቀናት ሲባል መላው ካላንደር አይነካም የሚል። ቆይቶ መጠየቁ ቀረና ማጽዳቱ መደበኛ ሥራ ሆነ። ትርፍ ሆኖ የሚመጣውን መስመር አስታራቂዎቹ «ጥላ» ይሉታል።

ውዳሴ የምትሠራው ከጠባሴ ሰፈር ወረድ ብሎ ባለ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የዳቦ ቤት፣ የፀጉር ቤት፣ የጎሚስታ፣ የመጋረጃ ሰፊ፣ በአጠቃላይ የትንንሽ ነጋዴዎች መዝገብ ትይዛለች። ክፍያዎቹን የሚያመጣቸው ማሽን ነው፤ የሚመድባቸውም ማሽን ነው። ሕጉ ግን በመጨረሻ የሰው ጣት እንዲያርፍባቸው ያዛል፤ ጣቷ እዚያ ያለው ለዚህ ነው። ሥራ በጀመረች ሰሞን ያሠለጠናት ሰውዬ፣ «የመስከረም መጀመሪያ ላይ መንታ ያለውን ሁሉ ምረጪና ጥረጊ፤ አንድ በአንድ ካየሽ እስከ ገና አትጨርሺም» ብሏት ነበር። ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። እሷም ሁሉንም መርጣ «አይቆጠር» የሚለውን ትነካለች፤ መስመሮቹ ግራጫ ይሆኑና ወደ ጎን ሳጥን ይገባሉ።

በዚያ ዓመት የእትዬ አስካለን የብርድ ልብስ መስፊያ ቤት ስታጸዳ ግን ዓይኗ አንድ ቦታ ላይ ተሰካ። ጳጉሜ ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት ማዕከል የተከፈለ አንድ ክፍያ ነበር። መስከረም ሦስት ላይ ደግሞ በዚያው መጠን፣ ለዚያው ማዕከል፣ ሁለት መስመር ተቀምጧል። የታካሚ ስም በመስመር ላይ አይጻፍም፤ ግላዊ ነው። ማሽኑ ሁለቱንም «ጥላ» ብሎ መድቧቸዋል።

አንድ አካል ሁለት ጥላ እንደማይኖረው ውዳሴ ታውቃለች። ከሁለቱ አንዱ እውነተኛ ክፍያ መሆን አለበት። ደንቡም ግልጽ ነው፤ ለነጋዴዋ ደውለሽ ጠይቂ ይላል።

እትዬ አስካለ ስልክ ካነሱ አይዘጉም። ለምን እንደከሳች ይጠይቃሉ፤ ለምን እስካሁን እንዳላገባች ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ራሳቸው ይመልሱና በመልሱ ላይ ምክር ይጨምሩበታል። ውዳሴ ደግሞ ለማንም ስትደውል የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በሆዷ ደጋግማ ካልተለማመደችው ድምፅዋ ይሰበራል። ያን ዕለት ጠዋት ለጎሚስታው ደውላ ነበር፤ ለአንድ ቀን በቂ መስሎ ታያት። ጣቷ ስክሪኑ ላይ ትንሽ ተንጠልጥሎ ቆየ። ከዚያ ነካችው። ሦስቱም መስመሮች አንድ ሆነው ቀሩ። ምሳ ሰዓት ደርሶ ስለነበር ወርዳ ሽሮ በላች።

አይቆጠር የተባለ ክፍያ ገንዘቡ ድምፅ ሳያሰማ ወደ ከፋዩ ካርድ ይመለሳል። የከፋዩ መዝገብ ያላመነበትን የተቀባዩም መዝገብ ይክደዋል፤ ሁለቱ የአንድ መዝገብ ሁለት ገጽ ናቸውና። ሁለቱም የካዱት ነገር ደግሞ አልተደረገም። ይኼ ሕግ ሲወጣ ሰው አጉረምርሞ ነበር ይባላል፤ የውዳሴ እኩዮች ግን ሌላ ዓይነት ኑሮ አያውቁም። አጠገቧ የሚሠራው የኢዮስያስ አክስት ሠርግ በዚህ ምክንያት ቀርቷል። የአዳራሹ አስታራቂ በስህተት ክፍያውን አይቆጠር አለውና፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ባልና ሚስቱ ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ ሲሄዱ ሠርግ አልነበረም ተባሉ። አልተናደዱም። አዳራሹን እንደገና ተከራይተው ጥቂት ሰው ጠሩ፤ ቀሚሱ ሙሽራይቱን ጠብቧት ነበር። ሱቅ ውስጥ ሰው ከ«አመሰግናለሁ» በፊት «ገባ?» ብሎ ይጠይቃል። «ትዝ ይለኛል» የሚለውን ቃል የሚጠቀሙት በዕድሜ የገፉት ብቻ ናቸው፤ እነሱም እያፈሩ።

እትዬ አስካለ በጥቅምት መጀመሪያ ሳይደውሉ መጡ። ስድሳን ያለፉ ወፈር ያሉ ሴት ናቸው። በሩን ይዘው ቆመው ለመተንፈስ ጊዜ ወሰደባቸው፤ ሹራባቸው ላይ የብርድ ልብስ ብናኝ እንደ አመዳይ ነጥቧል።

«አሳንሰሩ ተበላሽቶ ነው እንዴ?» አለ ኢዮስያስ ወንበር እየሳበላቸው።

«ይሠራል። በእሱ ፎቅ በተወጣ ቁጥር መዝገቤ ውስጥ ይገባል እኮ! ኋላ ሴትዮዋ ሥራ ፈትታ ፎቅ ለፎቅ ትዞራለች ይበሉኝ?» ተቀመጡ። «ውዴ፣ ደግሞ ከሳሽ። አሁን ምንድነው የምትበይው? ይኼን መስኮት ነው?» ወደ ስክሪኑ አመለከቱ።

«ደህና ነኝ፣ እትዬ አስካለ። በሰላም ነው የመጡት?»

«በሰላም አይደለም።» እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጠፉ። «ብርቄን ታውቂያት የለም? የእኔዋን፣ ጠርዝ የምትሰፋዋን?»

ውዳሴ የምታውቃት በደመወዝ መስመር ላይ ነው። ራሷን ነቀነቀች።

«ኩላሊቷ ነው። እጥበት ማዕከሉ ዘንድ የራሷ ወንበር ነበራት። የእሷንና የባለቤቴን የምከፍለው እኔ ነኝ፣ በሱቁ ካርድ፤ የእሷ ደመወዝ አይችለውማ። የባሌን የንጉሡን በሩፋኤል ዕለት ከፈልኩ። ያን ዝናብ ታስታውሺው የለ? የእሷን ጊዜ እጅ አጠረኝና፣ በዓሉ ይለፍ ብዬ…» ቆም አሉ። «ከፈልኩ ብዬ ነበር የማስበው። እምልልሽ ነበር፣ ልጄ። እዚያው ሱቁ በር ላይ ቆሜ 'ገባ?' ስል፣ የማዕከሉ ልጅም በስልክ 'ገብቷል እማማ' ስትለኝ። ድምፅዋን ሁሉ የሰማሁ ይመስለኛል።»

«እና ምን ተፈጠረ?» አለ ኢዮስያስ።

«ወንበሩን ለሌላ ሰጡባት። እስከ መስከረም አሥር ያልከፈለ ወንበሩ ለተረኛ ይሄዳል አይደል? አልተከፈለም አሉ። የራሴን መዝገብ ከፍቼ አየሁ፤ ያለው የንጉሡ ብቻ ነው። ካርዱም ላይ ገንዘቡ አልጎደለም። አሁን ልክፈል ብላቸው ዘግተናል አሉኝ።» ወንበራቸውን ወደ ውዳሴ አስጠጉ። «እስቲ አንቺ እዪልኝ። እናንተ ከእኛ የተሻለ ታያላችሁ።»

ውዳሴ የእትዬ አስካለን መዝገብ ከፈተች፤ ከዚያ እሳቸው ከተቀመጡበት የማይታየውን የጎን ሳጥን። ሁለቱ ግራጫ መስመሮች አሉ። በሁለቱም ጫፍ የእሷ ስም ተጽፏል። አንዱ ጥላ ነው። ሌላው ሴት ናት።

የኢዮስያስ ጣቶች መንካካታቸውን እንዳቆሙ ሰማች።

«አይታይም፣ እትዬ አስካለ።»

የለም አላለችም። አይታይም ነው ያለችው። ያን ያህል ልዩነት ያለው ይመስል ቃሉን የመረጠችው አውቃ ነበር።

እትዬ አስካለ አልተከራከሩም። መጨቃጨቅ የሚወዱ ሴት፣ የፀጉር ቤቱን ባለቤት በአንድ መጋረጃ ምክንያት ዓመት ያኮረፉ ሴት፣ «ረሳኋት ማለት ነው» አሉ።

«እትዬ…»

«እናቴም እንዲህ ነው የጀመራት። መጀመሪያ የሰው ስም ጠፋት፤ ከዚያ ሰው ጠፋት።» በእጃቸው ጀርባ ዓይናቸውን ጠረጉ። «የባሌን አልረሳሁም፣ አየሽ። የእሷን ነው የረሳሁት። ይኼ መርሳት ነው ክፋት?»

«ክፋት አይደለም» አለች ውዳሴ። እውነት በመናገሯ ለአንድ አፍታ ቀለል አላት፤ በዚያው ቅጽበት አፈረችበት።

«ልጄ ከአዲስ አበባ እየደወለ ሱቁን አስረክቢኝ ሲል ስድቤን ጠግቦ ነው የሚዘጋው። አሁን ምን ብዬ ልከልክለው? በዚህ ሳምንት ይመጣል፣ አስረክበዋለሁ። ሰው የምትረሳ ሴት ሱቅ አትይዝም።» ተነሡ። ሲወጡ የውዳሴን ጉንጭ በሁለት ጣታቸው ቆንጠጥ አደረጉ። «አንቺ ምን አጠፋሽና ነው ፊትሽ የጠቆረው? በይ ምሳሽን ብዪ።»

ኢዮስያስ እግራቸው ደረጃውን ወርዶ እስኪያልቅ ጠበቀ።

«ነበረ አይደል?» አለ ኢዮስያስ።

«ነበረ።»

«ሁለት ጥላ?»

«ሁለት ጥላ።»

በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው። «ስሚ፣ ሁላችንም እንጠርጋለን። እኔ ስንቱን እንደጠረግሁ እግዜር ነው የሚያውቀው። ማሽኑ ጥላ ካለሽ አንቺ ምን…»

«አይቼዋለሁ።»

«ማለት?»

«ዝም ብዬ አልጠረግሁትም። ቆሜ አየሁት። አንዱ እውነተኛ እንደሆነ ገብቶኛል። መደወል አስጠላኝ።»

ኢዮስያስ ሊስቅ ሞከረ። «ለእሳቸው መደወልማ ማንን አያስጠላም? እኔ አንዴ ስለ ቫት ብደውልላቸው የእህታቸውን ልጅ ድረውልኝ ሊዘጉ ነበር።» አልሳቀችም። እሱም ፊቱ ተለወጠ። «እና ልትመልሽው ነው?»

የዓመቱ መዝገብ የሚታሸገው በጥቅምት መጨረሻ ነው። እስከዚያ ድረስ አይቆጠር የተባለ ክፍያ ሊመለስ ይችላል፤ ነገር ግን የሚመልሰው ያንኑ የነካው ጣት ብቻ ነው፤ ምክንያትም መሙላት አለበት። ሰው ሕክምና ካጣበት፣ ለዚህም ምክንያቱ አስታራቂው ከሆነ፣ ጣቱ ይታገዳል።

«ከታገድሽ ምን ትሠሪያለሽ?» አለ ኢዮስያስ። «ሱቅ ትቀጠሪያለሽ? 'ምን ልታዘዝ' ማለት የሚያስፈራሽ ልጅ!» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ወንበሩ አንድ ነው። ለሴትየዋ ስትመልሽ ከሌላ ሰው ላይ ነው የምትነጥቂው። እሱን አስበሽዋል?»

አላሰበችውም ነበር።

በማግስቱ ሥራ ከመግባቷ በፊት ወደ ማዕከሉ ሄደች። የሄደችው ምናልባት ብርቄ የምትባለው ሴት ያን ያህል ያልታመመች ሆና እንድታገኛት ነበር። የደብረ ብርሃን ነፋስ እንደ ልማዱ ከሜዳው ቀጥ ብሎ ይመጣል። ከማዕከሉ የመስታወት በር አጠገብ አንድ የብረት አግዳሚ አለ፤ ወንበር የሌላቸው የሚቀመጡት እዚያ ነው። አንድ ባለ ወንበር በተራው ካልመጣ ነርሷ በሩን ከፍታ ከአግዳሚው የመጀመሪያውን ትጠራለች። አግዳሚው ፊቱን ያዞረው ወደ ግድግዳው ነው።

ጫፉ ላይ ፊቷ ያበጠ፣ ጠርዙ ጠምሞ የተሰፋ ብርድ ልብስ የለበሰች ሴት ጠጋ አለችላት። «ቁጭ በይ። አዲስ ነሽ? ለእናትሽ ነው ለአባትሽ?»

«ለ… ለማውቃት ሴት ነው።»

«እግዜር ይማርልሽ። ፊትሽን ወደ ግድግዳው አድርጊ፤ እዚህ መንገድ አናይም።»

«ለምን?»

«ሰው ሲቀር ደስ እንዳይለን ነዋ።»

አግዳሚው ላይ የነበሩት ሌሎች ፈገግ አሉ፤ ለእንግዳ ሁሉ የሚነገር ቀልድ ይመስላል። ውዳሴ ግድግዳውን አየች። ከኋላዋ የእግር ኮቴ ሲሰማ የሁሉም ትከሻ እኩል ሲከብድ ተሰማት፤ አንድ ሰው መጣ ማለት ነው፣ አንድ ወንበር ተያዘ ማለት ነው። ማንም ዞር አላለም።

ሴቲቱ ብርቄ እንደምትባል የተናገረችው ሳትጠየቅ ነው። ብርድ ልብሱን የሰፋችው ራሷ መሆኗን፣ ጠርዙ የጠመመው እጇ ስላበጠ መሆኑን፣ አሠሪዋም «ይኼማ አይሸጥም፣ ለራስሽ ልበሽው» ብላ እንደሰጠቻት አወራች። አንድ ቀጠን ያለ ረጅም ሰው ከኋላቸው መጥቶ ቆመ።

«እትዬ ብርቄ፣ እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ግባ፣ ግባ፣ ይረፍድብሃል።»

ሰውዬው ወዲያው አልገባም። በላስቲክ የያዘውን ሙዝ አግዳሚው ጫፍ ላይ አስቀመጠ፣ የሚናገረው ያለ ይመስል ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ካርዱ ያለበትን የእጁን አንጓ ለበሩ አሳይቶ ገባ።

«መምህር ይርጋ ነው» አለች ብርቄ። «እኔ ወንበር ላይ ያለው። ሁለት ዓመት ይኼ አሁን እኔ ያለሁበት ቦታ ተቀምጦ ነው ያገኘው። ተማሪዎቹ እዚህ ድረስ መጥተው ያስጠኑት ነበር ብልሽ ታምኛለሽ? እሱ ያስጠናቸው ማለቴ ነው።» ሳቀች፣ ሳቁ አደከማት። «በመጣ ቁጥር ይቅርታ ሊለኝ ይፈልጋል፤ አፉ እሺ አይለውም። አስካለን መቀየም ያልቻልኩ ሰው እሱን ልቀየም?»

«እሳቸውን… አልተቀየሟቸውም?»

«ምን ብዬ? እየመጣች ጉልበቴን ይዛ ታለቅሳለች። ያቺ ደፋር ሴትዮ አሁን መርፌ ክር አስገብታ እንኳ 'ገባ ወይ፣ እዪልኝ' ትላለች። እኔ እንዲያውም ከፍላለች ባይ ነኝ።»

«እንዴት?»

«'ከፈልኩልሽ' ብላ ስትነግረኝ ፊቷን አይቻለሁ። ያልከፈለ ሰው እንደዚያ አይልም።» ብርቄ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበች። «ግን የእኔ ማየት የት ይገባል?»

በዚያ ጠዋት ሁሉም መጡ። ነርሷ በሩን ከፈት አድርጋ ራሷን ግራና ቀኝ ስትነቀንቅ አግዳሚው ላይ የነበሩት አንድ በአንድ ተነሡ። ብርቄ ለመነሣት ጊዜ ፈጀባት፤ ውዳሴ ክንዷን ደገፈቻት። እግሯ ጫማው ውስጥ አልገባ ብሎ ተረከዙ ውጭ ቀርቷል። ውዳሴ ልትናገር አፏን ከፈተች። «በደንብ ይያዙኝ» ብቻ አለች።

«አይ አንቺ፣ ልጅ ሆነሽ አንቱታሽ ማማሩ» አለች ብርቄ። «እግዜር ይስጥሽ።»

ቢሮ ስትደርስ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። የጎን ሳጥኑን ከፍታ ከሁለቱ ግራጫ መስመሮች አንዱን መረጠች። የትኛው ጥላ የትኛው እውነተኛ እንደሆነ ዓይን አይለየውም፤ ሲስተሙም ግድ የለውም፤ አንዱ ይበቃዋል። «ይመለስ» የሚለውን ስትነካ ምክንያት እንድትመርጥ ሦስት አማራጭ መጣ። የሲስተም ስህተት። የነጋዴው ስህተት። የአስታራቂው ስህተት።

ኢዮስያስ ከጀርባዋ ቆሞ ነበር። «የመጀመሪያውን በይው» አለ በሹክሹክታ። «ደግሞ እውነት ነው እኮ። ጳጉሜን የማያውቀው ማነው? አንቺ ነሽ?»

እውነት ነበር። ግማሽ እውነት ስለሆነ ነበር የከበዳት። ጣቷ የመጀመሪያው ላይ ቆየ፤ መስከረም ላይ እንደቆየው ያህል። ከዚያ ሦስተኛውን ነካችና ከታች በተሰጣት ባዶ ቦታ ላይ ጻፈች፤ *አይቼዋለሁ፤ መደወል ስላልፈለግሁ አለፍኩት።*

መልሱ ወዲያው መጣ። ክፍያው ተመልሷል ይላል። የወንበር ባለመብት ተስተካክሏል። ተዛማጅ ማስተካከያ፦ አንድ። ከሥሩ ስለ ትብብሯ ያመሰግናታል። የነጋዴዎቿ መዝገቦች ስክሪኑ ላይ እንዳሉ ቀሩ፤ ጣቷ ግን ታግዷል፤ ብታሳርፍባቸው የመስታወት ያህል እንኳ አይሰሟትም። ኢዮስያስ ወደ ቦታው ተመለሰ። የራሱን የጎን ሳጥን ሊከፍት እጁን ዘረጋ፤ መልሶ ሰበሰበውና ከኪሱ መፋቂያ አውጥቶ ጥርሱን መፋቅ ጀመረ።

ተዛማጁ ማስተካከያ ማን እንደሆነ ውዳሴ ታውቃለች ብሎ ሲስተሙ አይገምትም። ሙዝ ይዞ የሚመጣ ሰው ነው።

ስልኩን አንሥታ ሳትለማመድ ደወለች።

«ውዴ! ምነው በደህና? አንቺም ትደውያለሽ እንዴ?» አሉ እትዬ አስካለ። ከጀርባቸው የስፌት መኪና ይሰማል።

«እትዬ አስካለ፣ ከፍለው ነበር።»

«ምን አልሽ?»

«የብርቄን። መስከረም ሦስት ከፍለዋል። እኔ ነኝ አይቆጠር ያልኩት። ትናንት ሲመጡም አይቼው ነበር። አይታይም ያልኩዎ ዋሽቼ ነው።» የሚከተለውን ቃል ፈለገች። «መልሼዋለሁ።»

የስፌት መኪናው ቆመ። እጃቸውን አንሥተው አስቁመውት ይሆናል።

«ከፍዬ ነበር» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው።

«አዎ።»

«በሩ ላይ ቆሜ። ልጅቷ ገብቷል ብላኝ።»

«አዎ፣ እትዬ አስካለ።»

«አንቺ ልጅ…» ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ፤ የእንባ አልነበረም። «እኔ እኮ ትናንት ከአንቺ ዘንድ ወጥቼ የሱቁን ቁልፍ እስኪመጣ እንኳ ሳልጠብቅ ለልጄ በመልእክተኛ ልኬለታለሁ። ሐኪም ቤት ሄጄ ጭንቅላቴን አሳይቻለሁ፤ የዛሬን ቀን ሲጠይቁኝ ፈርቼ ጠፋኝ። የጠፋኝ አንቺን ስላመንኩ ነው። ገባሽ? አንቺን!»

«ገብቶኛል።»

«አልገባሽም።» ተነፈሱ። «ዝጊው። አሁን አንቺን ማናገር አልችልም። ዝጊው ብያለሁ።»

ዘጋችው። እትዬ አስካለ ስልክ ሲዘጋባቸው የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

በሚቀጥለው የብርቄ ተራ ጠዋት፣ ውዳሴ ከማዕከሉ በር ፊት ለፊት ነበረች። እትዬ አስካለ ብርቄን ደግፈው መጡ። ውዳሴን አይተዋታል፤ ሰላም አላሏትም፤ ለብርቄ «ያቻት» ብቻ ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው አለፉ። ብርቄ ግን ክንዷን ለቀቅ አድርጋ ቆመች።

«አጠገቤ ተቀምጠሽ ነበር» አለች። «ደግፈሽኝ ነበር።»

«አዎ።»

«ሳትነግሪኝ ሄድሽ።»

«አዎ።»

ብርቄ ብዙ ጊዜ አየቻት። ተቆጥታ እንደሆነ ውዳሴ ልትለይ አልቻለችም፤ ያበጠ ፊት ብዙ አይናገርም። «መምህሩ አልሰማም» አለች ብርቄ። «ማዕከሉ አስቀድሞ አይናገርም፤ በሩ ነው የሚነግርሽ። እኔንም በሩ ነው የነገረኝ። አሁን ቁጭ ብዬ እሱ ሲመጣ ዓይኑን በምን ዓይኔ ላየው ነው? እኔ አልነግረውም። አንቺ ንገሪው።»

አንጓዋን ለበሩ አሳየች። በሩ ተከፈተላት።

ውዳሴ አግዳሚው አጠገብ ቆመች። የተቀመጡት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገዋል። እሷ ብቻ መንገዱን ታያለች። መምህር ይርጋን ከሩቅ ለየችው፤ አንገቱን በፎጣ ጠቅልሎ፣ ነፋሱን በጎኑ እየገፋ ይመጣል። በእጁ ላስቲክ ይዟል። አግዳሚው ጫፍ ላይ ብርቄን ሲያጣ ፊቱ በራ፤ አንድ ሰው ቀርቶ ተጠርታ ገብታለች ብሎ አስቦ መሆን አለበት። በዚያው ፈገግታ አንጓውን ለበሩ አሳየ።

በሩ አልተከፈተም።

አንጓውን ኮቱ ላይ ጠረገና እንደገና አሳየ። ከዚያ እጁን አፉ ጋ አድርጎ እፍ እያለ አሞቀው። «ብርዱ ነው» አለ፣ አጠገቡ ለቆመችው ለማያውቃት ሴት ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው። «ካርዱ አንዳንዴ በብርድ አይሠራም።»

«ካርድዎ ይሠራል፣ መምህር» አለች ውዳሴ። ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር፤ ቢሆንም ቀጠለች። «የእትዬ ብርቄ ወንበር ተመልሶላቸዋል። መጀመሪያም ተከፍሎ ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ለእርስዎ የተሰጠው በእኔ ስህተት ነው፤ አሁን የተወሰደብዎም በእኔ ነው።»

መምህሩ በመስታወቱ ውስጥ አየ። ነርሷ የብርቄን እጅጌ እየጠቀለለች ነበር። ብርቄ ዓይኗን ጨፍናለች። እጁን ከበሩ ላይ ቀስ ብሎ አወረደ።

ውዳሴ ቁጣውን ጠበቀች። ስሟን እንዲጠይቃት ጠበቀች፤ ልትነግረው ተዘጋጅታ ነበር። አልጠየቃትም። ወደ አግዳሚው ዞረና የተቀመጡትን ጀርባዎች በዓይኑ አንድ በአንድ አለፋቸው።

«ስንተኛ ነኝ?» አለ።

ውዳሴ አታውቅም። ከተቀመጡት አንዷ ፊቷን ከግድግዳው ሳታነሣ፣ «መጨረሻ ነህ፣ መምህር። ና፣ ተቀመጥ» አለችው። ሌሎቹ ተጠጋጉለት። ሰውዬው ተቀመጠና ላስቲኩን ጭኑ ላይ አደረገ።

ለእሷ የሚሆን ቦታ አልነበረም፤ ቆማ ቀረች።